ከቱሉ ዲምቱ ወደ ባሕር፦ በጥንታዊ ባለ ሸራ መርከብ ለመጓዝ ለምታስቡ ዝርዝር መመሪያ

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ለገጣፎ ወይም ሱሉልታ ተቀምጦ ስለ ባለ ሸራ መርከብ ማውራት ጎረቤት ያስቃል። ከለቡ ጣቢያ ተነስቶ ጅቡቲ የሚደርሰው ባቡር እንኳ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ጉዞው ግን ይቻላል። ትልልቆቹ ባለ ሸራ መርከቦች የባሕር ልምድ አይጠይቁም። ከፍሎ የሚመጣ፣ ጤነኛ የሆነና ለመሥራት የማይለግም ሰው ይበቃቸዋል። የሚያስቸግረው ከቦሌ በፊት ያለው ነገር ነው፤ የጉዞ ምርጫው፣ ወረቀቱ፣ የሆዳችሁ ነገር። ስለዚህ እዚህ ላይ የምጽፈው አብዛኛው ነገር ከቤታችሁ ሳትርቁ የምትሠሩት ነው።

1. የመርከቡን ዓይነት ለዩ

በሸራ የሚሄዱ ሁለት ዓይነት መርከቦች አሉ። አንዱ ተንሳፋፊ ሆቴል ነው። ሸራው ያምራል፤ እናንተ ግን ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ጁስ ትጠጣላችሁ። ሌላው የሥልጠና መርከብ ነው። እዚያ ገመድ ትጎትታላችሁ፣ መሪ ትይዛላችሁ፣ ወለል ታጥባላችሁ፣ ድንች ትልጣላችሁ። ለዚያውም ከፍላችሁ። እኔ የምመክረው ሁለተኛውን ነው። ጁሱን የሚፈልግ ሰው ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ቢቀመጥ ይሻለዋል፤ ይረክሳልም።

ከሥልጠና መርከቦች መካከል በደንብ ከሚታወቁት አንዱ የኖርዌዩ «ስታትስራድ ሌምኩል» ነው። እ.ኤ.አ. በ1914 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ጀርመን አገር ብሬመርሃቨን የተሠራ ነው። ዛሬ መቀመጫው በርገን ነው። ርዝመቱ 98 ሜትር ነው፤ ሦስት ምሰሶና 22 ሸራ አለው። ተለማማጆች የሚተኙት በሃሞክ፣ ማለትም ከጣሪያ በሚንጠለጠል የጨርቅ አልጋ ላይ ነው። እዚያው ኖርዌይ በ1927 የተሠራው «ሶርላንዴት» እና የ1937ቱ «ክርስቲያን ራዲክ» አሉ። የሆላንዱ «ዩሮፓ» ደግሞ በ1911 ሃምቡርግ ላይ ነው የተሠራው። መጀመሪያ ሥራው ቆሞ ለሌሎች መርከቦች መብራት ማሳየት ነበር። አሁን እስከ አንታርክቲካ ይጓዛል። ፎቶውን አይቶ ያልጓጓ የለም፤ ለመጀመሪያ ጉዞ ግን አይሆንም። ከደቡብ አሜሪካ ጫፍ እስከ አንታርክቲካ ያለው ባሕር ለለመደውም አይራራም።

ዕድሜያችሁ ከ15 እስከ 25 ከሆነ ሌላም በር አለ። በ1956 ከእንግሊዝ ቶርቤይ ተነስቶ ሊዝበን ላይ ያበቃው ውድድር ዛሬ የባለ ሸራ መርከቦች ዓመታዊ ውድድር ሆኗል። ደንቡ ከመርከቡ ሰዎች ቢያንስ ግማሹ በዚህ ዕድሜ ክልል እንዲሆኑ ያዛል። ስለዚህ መርከቦቹ ወጣት ይፈልጋሉ።

የቀኑ ብዛት ላይ አትሳቱ። ብዙ ሰው «ለሙከራ» ብሎ የሦስት ቀን ጉዞ ይመርጣል። የባሕር ማቅለሽለሽ ብዙ ጊዜ የሚለቀው ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ስለዚህ የሦስት ቀን ተጓዥ ታሞ ከርሞ ሲሻለው ይወርዳል። ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ያለውን ፈልጉ።

ገንዘቡ ወይም የአውሮፓ ቪዛው የማይቀመስ ከሆነ ወደ ደቡብ ተመልከቱ። በኬንያ ጠረፍ ላሙ ደሴት ላይ የእንጨት ዳው ጀልባዎች ዛሬም በሦስት ማዕዘን ሸራ ይሄዳሉ። የላሙ ጥንታዊ ከተማ በ2001 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ኬንያ ለመግባት ቪዛ አያስፈልግም። ከናይሮቢ ላሙ በአውሮፕላን ሂዱ፤ አካባቢው ለሶማሊያ ድንበር ቅርብ ስለሆነ በመኪና አትሞክሩት፣ የጸጥታውንም ሁኔታ አጣሩ። ዳው እንደ ትልልቆቹ መርከቦች ምሰሶ ላይ አያስወጣችሁም። ሸራና ነፋስ እንዴት እንደሚግባቡ ግን ከዚያ በላይ የሚያስተምር የለም። በዚያ ባሕር ነፋሱ በዓመት ሁለት ጊዜ አቅጣጫ ይቀይራል። ከኅዳር መጨረሻ እስከ መጋቢት አካባቢ ከሰሜን ምሥራቅ፣ ከሚያዝያ ጀምሮ እስከ መስከረም አካባቢ ከደቡብ ምሥራቅ ይነፍሳል። የድሮ ነጋዴዎች በአንዱ ሄደው በሌላው ይመለሱ ነበር።

2. የጉዞውን መስመር ከቪዛው ጋር አብራችሁ እዩ

ይህን ክፍል በጥሞና አንብቡት። ለአንድ ኖርዌጂያዊ ከበርገን ተነስቶ በስኮትላንድ ሼትላንድ ደሴቶች በኩል ዞሮ መመለስ ቀላል የሳምንት ጉዞ ነው። ለእኛ ግን ሁለት ችግር አለው። ሼትላንድ የብሪታንያ ነው። የራሱን ቪዛ ይፈልጋል። ከዚያ ወደ በርገን ስትመለሱ ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ ሸንገን፣ ማለትም በአንድ ቪዛ የሚገባበት የአውሮፓ አገሮች ክልል፣ ልትገቡ ነው። የአንድ መግቢያ ቪዛ ከያዛችሁ ወደቡ ላይ ትቆማላችሁ።

መላው ቀላል ነው። ከሸንገን አገር ተነስቶ፣ በሸንገን ወደቦች ብቻ ቆሞ፣ ሸንገን ላይ የሚያበቃ ጉዞ ምረጡ። ከኖርዌይ ወደብ ወደ ሌላ የኖርዌይ ወደብ፣ ወይም ወደ ዴንማርክ፣ ጀርመን፣ ሆላንድ የሚሄድ። መርከቡ በአየር ጠባይ ምክንያት መስመር ሊቀይር ይችላል። በ2024 የአውሮፓ ኅብረት ለኢትዮጵያውያን ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ መስጠትን ስላገደ፣ መስመሩ ቢቀየር ከሸንገን ይወጣ እንደሆነ የመርከቡን ቢሮ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛው ወጥመድ የመርከቡ ደብዳቤ ነው። የሥልጠና መርከቦች ተጓዦቻቸውን «የመርከቡ ባልደረባ» ብለው መጥራት ይወዳሉ። ለእነሱ ፍቅር ነው። የቪዛ ክፍል ሰው ሲያነበው ግን ለሥራ የምትሄዱ ይመስለዋል። የመርከበኛ ቪዛ ሌላ ነው፤ የቱሪስት ሌላ። ስለዚህ ከመርከቡ ቢሮ በሚጻፈው ማረጋገጫ ላይ ከፋይ ተለማማጅ መሆናችሁ፣ ደመወዝ እንደማይከፈላችሁ፣ የምትሳፈሩበትና የምትወርዱበት ወደብ ከነቀኑ በግልጽ ይስፈር። ይህን በኢሜይል ብትጠይቋቸው የሚከለክሉ አይደሉም።

3. ወረቀትና ገንዘብ

ፓስፖርታችሁ ከሸንገን ከምትወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚያገለግል መሆን አለበት። ስድስት ወር ቢኖረው ጥሩ ነው። የአጭር ጊዜ ቪዛ ከጉዞው ስድስት ወር በፊት ጀምሮ ማመልከት ይቻላል። ክፍያው ከ2024 ጀምሮ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን አለበት። ኢንሹራንሱን ስትገዙ ባለ ሸራ መርከብ ላይ መሥራትንና ምሰሶ መውጣትን ይሸፍን እንደሆነ ጠይቁ። የሰፈር ወኪል «ሁሉንም ይሸፍናል» ካላችሁ በጽሑፍ ያሳያችሁ።

የመመለሻ ማስረጃ ያው የምታውቁት ነው፤ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ የፈቃድ ወረቀት፣ የባንክ ስቴትመንት፣ ካለ የቤት ካርታ። በራሳችሁ የምትሠሩ ከሆነ የንግድ ፈቃድና የግብር ክሊራንስ።

ለመርከቡ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት አንድ ጥያቄ አለ፦ «ቪዛ ብከለከል ገንዘቤ ይመለሳል? ምን ያህሉ?» መልሱን በጽሑፍ ያዙ። ባንኮች ለጉዞ የውጭ ምንዛሪ ሲሸጡ ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት ያያሉ። የመርከቡ ቢሮ ግን ከዚያ በፊት ቀብድ ሊፈልግ ይችላል። በቅድሚያ ትንሽ፣ ቪዛው ሲመጣ ቀሪውን እንዲቀበሏችሁ ተደራደሩ።

ወደ ኬንያ የምትሄዱ ደግሞ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁን አትርሱ። ክትባቱ የሚጸናው ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ነው። አንዴ ከተከተባችሁ ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

4. ልምምድ፦ ቢሾፍቱ ምን ያስተምራል?

ከቱሉ ዲምቱ በአዳማ ፈጣን መንገድ ቢሾፍቱ ቅርብ ነው። የእሳተ ገሞራ ሐይቆቹ፣ ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ቢሾፍቱ፣ ለዚህ ሥራ ጥሩ ናቸው። ዳርቻው ላይ ካሉ መዝናኛዎች አንዳንዶቹ ካያክና ትንንሽ ጀልባ ያከራያሉ። ላይፍ ጃኬት ሳትለብሱ ግን አትነካኩ። እነዚህ ሐይቆች ዳር ላይ ጀምረው ነው የሚጠልቁት። «እግሬ ይደርሳል» ብሎ ነገር የለም። አባ ሳሙኤልን ደግሞ ለዋና አታስቡት፤ የአቃቂ ወንዝ የከተማውን ቆሻሻ ይዞ የሚገባው እዚያ ነው።

መዋኘት ካልቻላችሁ አሁን ጀምሩ። ከመርከብ ስለምትወድቁ አይደለም። ውኃ የማይፈራ ሰው ወለሉ ሲዘም ዘና ስለሚል ነው። የሆቴል መዋኛ ይበቃል። አሥር ደቂቃ ሳትደነግጡ መንሳፈፍ ከቻላችሁ የምፈልገው እሱን ነው።

ሐይቁ ላይ ሁለት ነገር ሞክሩ። መጀመሪያ ጀልባው ቆሞ እየተወዛወዘ ስልካችሁን አንብቡ። ሆዳችሁ ምን እንደሚል አዳምጡ። አባይ በረሃ ጠመዝማዛ ላይ ሎሚ እያሸተቱ የሚሻገሩ ሰዎች መልሱን ያውቁታል። ማቅለሽለሽ የሚመጣው ዓይን «ቆመናል» ሲል ጆሮ ውስጥ ያለው የሚዛን ክፍል «እየሄድን ነው» ስለሚል ነው። ቀና ብላችሁ የሐይቁን ማዶ ስታዩ ቀለል ሊላችሁ ይገባል። ባሕር ላይም መድኃኒቱ ያው ነው፤ አድማሱን ማየት።

ሁለተኛው ሙከራ በጃንጥላ ነው። ነፋስ ቀስ ብሎ በሚነፍስበት ሰዓት ዳር ላይ ሆናችሁ ካያክ ውስጥ ጃንጥላ ዘርጉ። ጀልባው ነፋሱ ወደሚሄድበት ይነዳል። አሁን በጃንጥላው ብቻ ለመመለስ ሞክሩ። አይሆንም። ትልልቆቹ ባለ አራት ማዕዘን ሸራ መርከቦችም ነፋሱን ፊት ለፊት ገጥመው መሄድ አይችሉም። ከነፋሱ አቅጣጫ ወደ 60 ወይም 70 ዲግሪ ገደድ ብለው ወደ አንድ ጎን ይሄዳሉ። ከዚያ ዞረው ወደ ሌላው ጎን። እንዲህ እየተጠማዘዙ ወደ ላይ ይወጣሉ። ካፒቴኑ «ዛሬ አንደርስም» ሲል ለምን እንደሆነ ከአሁኑ ይገባችኋል። ከሙከራው በኋላ ለመመለስ መቅዘፊያው እጃችሁ ላይ ይኑር።

ባቦጋያ ላይ የማሪታይም አካዳሚ አለ። እሱ ግን ለሙያ መርከበኞች ነው እንጂ ለተጓዥ አይደለም።

5. ሦስት ቋጠሮ

ከመርካቶ ጥቂት ሜትር የጣት ውፍረት ያለው ገመድ ግዙ። ማታ ማታ ቴሌቪዥን እያያችሁ ተለማመዱ።

መጀመሪያ የማይጠብቅና የማይከዳ ቀለበት። ገመዱ ላይ ትንሽ ዙር ሥሩ። ጫፉን ከሥር ወደ ላይ በዙሩ አውጡት። በዋናው ገመድ ጀርባ አዙሩት። መልሳችሁ በዚያው ዙር ወደ ታች አስገቡትና ጎትቱ። ስንት ኪሎ ቢጎትተው አያጠብቅም፤ ስትፈልጉ በእጅ ይፈታል። ሁለተኛው 8 ቁጥር ነው፤ ገመዱ ከቀዳዳ እንዳያመልጥ ጫፉ ላይ የሚታሰር። ሦስተኛውን ከከተማ ዳር የሚኖር ሰው ሁሉ አይቶታል፤ አህያ ግንድ ላይ የሚታሰርበት ሁለት ዙር ነው። ሁለተኛው ዙር በራሱ ሥር ያልፋል።

መርከብ ላይ ገመዶቹ ከመቶ በላይ ናቸው። ጫፎቻቸው ችንካር ላይ በ8 ቅርጽ ይጠመጠማሉ። የእያንዳንዱን ስም ለማወቅ አትጨነቁ። በጨለማ ገመዱን ዳብሳችሁ የት እንዳለ ማግኘት ብትችሉ ይበቃል፤ እሱም እዚያው ይመጣል።

6. ሻንጣ

የጨርቅ ቦርሳ ያዙ፤ ጎማ ያለው ደረቅ ሻንጣ የሚቀመጥበት ቦታ የለም። የሰሜን አውሮፓ የጉዞ ወቅት የእኛ ክረምት ነው። እዚያ በጋ ይሉታል፤ ሌሊት ባሕር ላይ ግን የእንጦጦ ነሐሴ ምንም ማለት አይደለም። ሳልባጅ ተራ ገብታችሁ የሱፍ ሹራብ፣ የሱፍ ካልሲና ኮፍያ ያለው የዝናብ ጃኬት ፈልጉ። አዲስ ከመግዛት በብዙ ይረክሳል፤ ጥራቱም ይበልጣል። ጥጥ ከረጠበ አያሞቅም፣ ቶሎም አይደርቅም። ጋቢ ለመኝታ ድንቅ ነው፤ ወደ ላይኛው ወለል ይዛችሁት አትውጡ። የማያንሸራትት ጫማ፣ የዝናብ ቦት፣ ቀይ ብርሃን ያለው የግንባር መብራት ጨምሩ። ነጭ መብራት ሌሊት የሁሉንም ዓይን ያሳውራል።

በሶና ቆሎ ያዙ። ሌሊት ከፈረቃ በኋላ በሶ የመሰለ የለም። ቋንጣና ቅቤ ግን ተዉት፤ ከእኛ አገር ሥጋና የወተት ውጤት ወደ አውሮፓ ይዞ መግባት ክልክል ነው። የምትጾሙ ወይም ሐላል ብቻ የምትበሉ ከሆነ ስትመዘገቡ ጻፉ። የሰኔ ጾምና ፍልሰታ ከመርከቡ ወቅት ጋር ይገጥማሉ። «ቪጋን» ብላችሁ ብትጽፉ ወጥ ቤቱ ይገባዋል።

የማቅለሽለሽ መድኃኒት ከፋርማሲ ስትገዙ ሌላ የምትወስዱት መድኃኒት ካለ ተናገሩ። ብዙዎቹ እንቅልፍ ያመጣሉ። እቤት አንድ ቀን ሞክሩት። የሚወሰደው ከመርከቡ መነሳት በፊት ነው፤ ማስመለስ ከጀመራችሁ በኋላ ብዙም አይረዳም። ዝንጅብልም አብራችሁ ያዙ።

7. መርከቡ ላይ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ኦስሎ ይበርራል። ከኦስሎ በርገን በባቡር ወደ ሰባት ሰዓት ነው። አንድ ቀን ቀድማችሁ ድረሱ፤ መርከብ ማንንም አይጠብቅም። ከመነሳታችሁ በፊት እናታችሁን ደውላችሁ «ስልክ ላይሠራ ይችላል» በሏት። አለዚያ መርከቡ ገና ወደብ ሳይለቅ ለቅሶ ይጀመራል።

ተለማማጆች በሦስት ፈረቃ ይከፈላሉ። አራት ሰዓት ሥራ፣ ስምንት ሰዓት ዕረፍት። በእኛ አቆጣጠር አንደኛው ከጠዋቱ 2 እስከ 6 እና ከምሽቱ 2 እስከ 6 ነው። ሁለተኛው ከቀኑ 6 እስከ 10 እና ከሌሊቱ 6 እስከ 10። ሦስተኛው ከቀኑ 10 እስከ ምሽቱ 2 እና ከሌሊቱ 10 እስከ ጠዋቱ 2። ምርጫ ከተሰጣችሁ ሦስተኛውን ያዙ፤ ፀሐይ ስትወጣ ላይኛው ወለል ላይ ናችሁ። አውሮፓውያኑ በሌሊት መነሳቱን ያማርራሉ። ከኮዬ ፈጬ ተነስቶ መሃል ከተማ ሥራ የሚገባ ሰው ግን ለዚህ አዲስ አይደለም። ሰዓታችሁን ወደ መርከቡ አቆጣጠር ቀይሩ፤ በጭንቅላት እያሰላችሁ ፈረቃ የሚያልፋችሁ እንዳትሆኑ።

በፈረቃው ውስጥ ሥራው ይዞራል። አንዱ መሪ ይይዛል፤ ኮምፓሱን እያየ የተነገረውን ዲግሪ ይጠብቃል። መርከቡ መሪውን ዘግይቶ ነው የሚሰማው፤ ትንሽ አዙራችሁ ጠብቁ። ሌላው ፊት ለፊት ቃፊር ሆኖ ይቆማል። ሌሊት ቀይ መብራት ካያችሁ የሌላ መርከብ ግራ ጎን ነው፤ አረንጓዴ ከሆነ ቀኙ። ሁለቱንም አንድ ላይ ካያችሁ ወደ እናንተ እየመጣ ነውና ቶሎ ተናገሩ። ሌላው ደግሞ በየሰዓቱ መርከቡን ዞሮ እሳት ወይም የሚገባ ውኃ እንደሌለ ያያል።

ገመድ ስትጎትቱ እጃችሁ ላይ አትጠምጥሙት። መሬት ላይ በተጠቀለለ ገመድ መሃል እግር አታስገቡ። ትዕዛዙ ካልገባችሁ ጠይቁ፤ ይሉኝታ እዚህ ቦታ ጣት ያስቆርጣል።

ምሰሶ መውጣት ግዴታ አይደለም። የስታትስራድ ሌምኩል ምሰሶ ወደ 50 ሜትር ይጠጋል፤ ከሰፈራችሁ ኮንዶሚኒየም ሁሉ ይረዝማል። ከወጣችሁ ነፋሱ በሚመጣበት ጎን ውጡ፤ ወደ ገመዱ ይገፋችኋል እንጂ አያላቅቃችሁም። በእጃችሁ የምትይዙት ቀጥ ብለው የወረዱትን ወፍራም ገመዶች ነው። አግድም የታሰሩት የእግር መርገጫ ናቸው፤ ሊበጠሱ ይችላሉ። የደህንነት ቀበቶው መንጠቆ የት እንደሚገባ ወደብ ላይ ሳላችሁ ደጋግማችሁ ተለማመዱ። መጀመሪያ ቀን ወደ መጀመሪያው መቆሚያ ወጥቶ መውረድ ይበቃል።

ካመማችሁ ደግሞ አትደበቁ። ታች መኝታ ክፍል ገብቶ መጋደም ያብሳል። ላይ ውጡ፣ የመርከቡ መሃል ላይ ቁሙ፤ ጫፎቹ ይበልጥ ይወዛወዛሉ። ደረቅ ዳቦ ወይም ቆሎ በትንሽ በትንሹ ብሉ፣ ውኃ ጠጡ። ማስመለስ ካለባችሁ ነፋሱ በሚሄድበት ጎን። ይህን አንዱ የረሳ ዕለት መላው ፈረቃ ይማራል። ብዙ ሰው መሪ ሲሰጠው ይሻለዋል፤ ዓይኑ አድማስ ላይ ስለሚውል። ለፈረቃ አለቃው «መሪ ስጠኝ» ማለት ነውር አይደለም።

8. ከወረዳችሁ በኋላ

መሬቱ አንድ ሁለት ቀን ሊወዛወዝባችሁ ይችላል። ይለቃል፤ እስከዚያ ግን መኪና አትንዱ። የመግቢያና የመውጫ ማህተም ከተመታላችሁ ፎቶ አንሱት። ከመርከቡ የሚሰጣችሁን የተሳትፎ ወረቀትና የክፍያ ደረሰኝ አንድ ፋይል ውስጥ አስቀምጡ። ሄዳችሁ በቀናችሁ መመለሳችሁን የሚያሳይ ፋይል ለሚቀጥለው ቪዛ ከማንኛውም የድጋፍ ደብዳቤ በላይ ይጠቅማል። እንደገና ለመሄድ ካሰባችሁም ቶሎ ጻፉላቸው፤ የክረምቱ ቦታ ገና በበጋችን መሃል ነው የሚሞላው።